የአንጀትና የፊንጢጣ ሰርጅን ማን ነው? እዚያስ እንዴት ይደረሳል?

ጎንደር ውስጥ «ልጃችን ስፔሻሊስት ሊሆን ነው» ሲባል ተከታዩ ጥያቄ «የምን?» ነው። «የልብ» ከተባለ እልልታው ይቀልጣል። «የሕፃናት» ከተባለ ጎረቤቱ ሁሉ ስልኩን ይመዘግባል። «የትልቁ አንጀትና የፊንጢጣ ቀዶ ሕክምና» የተባለ እንደሆነ ግን ቤቱ ጭጭ ይላል። ከዚያ አንዷ አክስት «ምነው ልጄ፣ ሌላ ቦታ ጠፋ?» ትላለች። ይሳቃል። ወሬው ወደ ሌላ ይዞራል።

እኔ ግን እዚያው ላይ ልቆይ። ሕክምና እማራለሁ የሚል የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጅ ያላችሁ፣ ወይም «አንጀቱ ታጥፎ» ተብሎ ጎንደር ሆስፒታል የገባ ዘመድ ያላችሁ፣ ይህን ሐኪም ማወቅ ይጠቅማችኋል። ምን ይሠራል? ስንት ዓመት ተምሮ ይደርሳል? ጎንደር ላይ ሥራው ለምን ከለንደኑ ይለያል?

ሥራው የት ይጀምራል?

ትልቁ አንጀት አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ይረዝማል። ከሆድ በስተቀኝ ከታች ይነሣል፣ ወደ ላይ ይወጣል፣ ሆድን አቋርጦ ወደ ግራ ያልፋል፣ ከዚያ ይወርዳል። ታች ሲደርስ ሲግሞይድ የሚባል ጥምዝ ክፍል አለ። ይህን ስም ያዙልኝ፣ በእኛ አገር ብዙ ጣጣ የሚመጣው ከእሱ ነው። ከሲግሞይድ ቀጥሎ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚሆነው ሬክተም ይመጣል። መጨረሻው ፊንጢጣ ነው።

በዚህ መስመር ላይ የሚወጣ ካንሰር፣ የሚጠመዘዝ አንጀት፣ የሚደማ ኪንታሮት፣ አልድን ያለ ፊስቱላ፣ የፊንጢጣ መሰንጠቅ፣ ሰገራ መቆጣጠር ያቃተው ጡንቻ፣ ሁሉም የዚህ ሰርጅን ነው። ጨጓራ የእሱ አይደለም። ትርፍ አንጀት ትልቁ አንጀት ላይ ቢንጠለጠልም ማንኛውም ጠቅላላ ሰርጅን ያወጣዋል። በመድኃኒትና በኢንዶስኮፒ፣ ማለትም ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ ውስጥን እያየ፣ የሚያክመው የጨጓራና የአንጀት ሐኪም ደግሞ ሌላ ሰው ነው። እሱ ከውስጥ ደዌ ትምህርት የመጣ ነው፣ ሆድ አይከፍትም።

አንድ ነገር ቶሎ ልናገር። በኢትዮጵያ አብዛኛው የአንጀት ኦፕራሲዮን የሚሠራው በዚህ ስም በሰለጠነ ሰው አይደለም። ጠቅላላ ሰርጅኑ ነው የሚሠራው። ስለዚህ «የአንጀት ስፔሻሊስት ካልመጣ አልነካም» ብሎ ድንገተኛ ሕመም ይዞ መጠበቅ ሞኝነት ነው። ልዩ ሥልጠናው የሚፈለገው በተለይ ለሬክተም ካንሰር፣ ለተወሳሰበ ፊስቱላና ዳግም ለሚከፈት ሆድ ነው።

የንጉሡ ፊስቱላ

ፊስቱላ ሲባል ብዙዎቻችን ከወሊድ ጋር የሚመጣውን እናስባለን። የፊንጢጣው ሌላ ነው፣ ወንድም ሴትም ይይዛል። ፊንጢጣ አጠገብ እብጠት ይወጣል፣ መግል ይቋጥራል። ሲፈርጥ ከውስጥ እስከ ቆዳ የሚዘልቅ ቀጭን መንገድ ይተዋል። ያ መንገድ ይደርቃል፣ እንደገና ያመነጫል፣ ልብስ ያበላሻል። ችግሩ መንገዱ ብዙ ጊዜ ሰገራ በሚይዘው ጡንቻ ውስጥ ማለፉ ነው። ጥቂት ጡንቻ ቢቆረጥ ይድናል። ብዙ ቢቆረጥ ሰውዬው ሰገራ መያዝ ያቅተዋል። ልኩን ማወቅ ነው ሙያው። ልኩ ካልታወቀ ሰርጅኑ በመንገዱ ውስጥ ክር አሳልፎ ያስርና ለሳምንታት ይተወዋል። ይህ ዘዴ ከጥንት ግሪኮች ጀምሮ የሚታወቅ ነው፣ እነሱ የፈረስ ጭራ ይጠቀሙ ነበር።

የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ ይህ በሽታ ነበረበት። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ሰርጅኑ ፌሊክስ መጀመሪያ በሌሎች ሕመምተኞች ላይ ተለማመደ፣ ለሥራው የሚሆን ቢላዋ አሠራ፣ በኅዳር 1686 ንጉሡን ቀደደ። ማደንዘዣ የሚባል ነገር ገና አልነበረም። ንጉሡ ዳነ፣ ፌሊክስም ሀብትና ማዕረግ አገኘ። ያኔ ጎንደር ላይ የነገሡት አድያም ሰገድ ኢያሱ ነበሩ። አሥራ ሦስት ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ1699፣ ፖንሴ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም ከካይሮ ተነሥቶ እሳቸውን ሊያክም እዚሁ ከተማችን ገብቷል። የኢያሱ ሕመም የቆዳ ነበር እንጂ የፊስቱላ አልነበረም፣ ወሬውን አላጣምም። ብቻ ሁለቱን ቤተ መንግሥቶች አንድ ዘመን ላይ ሳስባቸው ደስ ይለኛል።

ሙያው ራሱን ችሎ የቆመው ግን በነገሥታት ቤት አይደለም። በ1835 ፍሬድሪክ ሳልሞን የሚባል እንግሊዛዊ ሰርጅን ለንደን ውስጥ ሰባት አልጋ ያላት ቤት ከፈተ። የፊስቱላና የሬክተም ሕመም ላለባቸው ድሆች ብቻ የምትሆን ቤት ነበረች። ያች ቤት ናት ዛሬ በመስኩ ስሟ የሚጠራው ሴንት ማርክስ ሆስፒታል። አሜሪካኖቹም በ1899 የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ።

ጎንደር የሐኪም አገር

እኛም ባዶ እጃችንን አይደለንም። በዘመናዊ ትምህርት የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም የሚባሉት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ የተወለዱት ጎንደር ነው። በ1868 ከመቅደላ ጦርነት በኋላ፣ ገና ትንሽ ልጅ ሳሉ፣ የእንግሊዝ መኮንኖች ወደ ሕንድ ወሰዷቸው። ላሆር ላይ ሕክምና ተምረው በ1882 ተመረቁ፣ ኋላም ስኮትላንድ ሄደው ትምህርታቸውን ቀጠሉ። አገራቸው ሲመለሱ ዶክተር ማርቲን የሚል የውጭ ስም ይዘው ነበር።

ከተማዋ ራሷ ማስተማር የጀመረችው በ1954 ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ደምቢያ ላይ የወባ ወረርሽኝ ገብቶ ሺዎችን ፈጅቶ ነበር። ለገጠሩ የሚደርስ ባለሙያ ያስፈልግ ስለነበር የሕዝብ ጤና ኮሌጁ ተከፈተ። ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን ማሠልጠን ጀመረ። የሐኪሞች ትምህርት የመጣው በኋላ ነው፣ በ1978፣ ከምሥራቅ ጀርመን ከላይፕሲግ ዩኒቨርሲቲ ጋር በትብብር።

ይህን የማነሣው ለጌጥ አይደለም። ያኔ የተፈጠረው ጤና መኮንን ዛሬም የአንጀት ሕመምተኛን ሕይወት ከሚወስኑት አንዱ ነው። በ2009 አገሪቱ ጤና መኮንኖችን ለሦስት ዓመት በድንገተኛ ቀዶ ሕክምና እያሠለጠነች ወደ ወረዳ ሆስፒታሎች መላክ ጀመረች። ከጭልጋ ወይም ከደባርቅ በኩል ሆዱ ተነፍቶ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ ሊያገኘው የሚችለው እንዲህ ያለ ባለሙያ ነው። «ይህ እዚህ ይሠራል፣ ይህ ወደ ጎንደር ይሂድ» የሚለው እሱ ነው። ያን ፍርድ ካበላሸው ትልቁ ሆስፒታል ያለው ሰርጅን የፈለገውን ያህል ቢማር ዋጋ የለውም።

ስንት ዓመት?

እንቁጠር። ልጁ በአሥራ ስምንት ዓመቱ ዩኒቨርሲቲ ገባ እንበል። ፍሬሽማኑን ጨምሮ ሰባት ዓመት ነው። መጀመሪያ አናቶሚና ፊዚዮሎጂ ነው፣ ከአስከሬን ጋር መዋል። ቀጥሎ ወደ ዋርድ ይወጣል፣ ነጭ ጋውን ይለብሳል፣ ሰፈሩም ከዚያች ቀን ጀምሮ «ዶክተር» ይለዋል። የመጨረሻው ዓመት ኢንተርንነት ነው። እንቅልፍ የሚባለው ነገር እዚያ ላይ ይሰናበታል።

ሲመረቅ ጂፒ ነው፣ ጠቅላላ ሐኪም። ቀድሞ ምደባው በዕጣ ነበር። አንዱ ጎዴ፣ አንዱ መተማ፣ አንዱ ዕድለኛ አዲስ አበባ አጠገብ። ብዙ ሰርጅኖች ስትጠይቋቸው ሙያውን የመረጡት እዚያ የገጠር ሆስፒታል ውስጥ እንደሆነ ይነግሯችኋል። ሕመምተኛ ይመጣል፣ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል፣ የሚሠራ የለም፣ መንገዱ ሩቅ ነው። ጂፒው ሪፈር ጽፎ ቆሞ ይቀራል። ያ መቆም ነው ብዙዎቹን ወደ ሰርጀሪ የገፋቸው።

ከዚያ የሬዚደንሲ፣ ማለትም የስፔሻሊስትነት ሥልጠና፣ መግቢያ ፈተና አለ። ጠቅላላ ሰርጀሪ ብዙ ጊዜ አራት ዓመት ነው። በኮሴክሳ፣ ማለትም በምሥራቅ፣ በመካከለኛውና በደቡብ አፍሪካ የሰርጅኖች ኮሌጅ በኩል ለሚሄድ፣ ሁለትና ሦስት ተደምሮ አምስት ዓመት ይሆናል። አር ዋን ማለት የመጀመሪያ ዓመት ሬዚደንት ነው፣ በሆስፒታሉ ውስጥ ከሁሉም በላይ የሚሮጠው ሰው። ቁስል ያጥባል፣ ላብራቶሪ ያሳድዳል፣ ደም ያፈላልጋል፣ ከማለዳው ራውንድ (ሐኪሞች ሕመምተኞችን አልጋ ላይ እየዞሩ ከሚያዩበት) በፊት የሁሉንም አልጋ ታሪክ በቃሉ ይይዛል። አጥንት፣ የሽንት ቧንቧ፣ ጭንቅላት፣ የሕፃናት ቀዶ ሕክምና፣ ሁሉም ጋ እየዞረ ይሠራል። ከዓመት ዓመት ምላጩ ወደ እጁ ይቀርባል።

አራቱ ዓመት ሲያልቅ ሰርጅን ሆኗል። ይሠራል፣ የአገልግሎት ግዴታውን ይወጣል። ከዚያ በኋላ ነው ሰብስፔሻሊቲ፣ ማለትም በአንድ ጠባብ መስክ ላይ ያለው ተጨማሪ ሥልጠና፣ የሚመጣው፣ እሱም ባብዛኛው ሁለት ዓመት ነው። ደምሩት። ሁሉም ነገር ቢሳካ ሠላሳ አምስት ዓመት አካባቢ ነው። አሜሪካ ውስጥም ቢሆን ከኮሌጅ አራት፣ ከሕክምና ትምህርት ቤት አራት፣ ከጠቅላላ ሰርጀሪ አምስት፣ ከአንጀትና ፊንጢጣ አንድ፣ ድምሩ አሥራ አራት ዓመት ነው። ብሪታንያ ደግሞ አንድ ቀልድ ትጨምራለች፣ እዚያ ሰርጅን ሲሆኑ «ዶክተር» መባል ቀርቶ ወደ «ሚስተር» ይመለሳሉ። ለጎንደር እናት ይህን የሚያስረዳ ይምጣ!

ዓመቶቹ ብቻ ግን ሰርጅን አያደርጉም። አንድን ኦፕራሲዮን ደጋግሞ መሥራት ነው የሚያደርገው። በዓመት ሁለት ሦስት ሬክተም የሚሠራ ሰርጅንና በየሳምንቱ የሚሠራ ሰርጅን ሰርተፊኬታቸው አንድ ሊሆን ይችላል፣ እጃቸው ግን አንድ አይደለም። በእኔ አስተያየት አገራችን ውስጥ ስለ ስፔሻሊስት ሲወራ የምንዘነጋው ይህን ነው። ስንት ሰው ሠለጠነ ብለን እንቆጥራለን። ከሠለጠነ በኋላ የሠለጠነበትን ሥራ ያገኛል ወይ ብለን አንጠይቅም።

የጎንደሩ ሌሊት፦ አንጀት ሲታጠፍ

ወደ ሲግሞይድ እንመለስ። በሰሜን ኢትዮጵያ ደጋ፣ ባብዛኛው ገበሬ በሆኑ ወንዶች ላይ፣ ይህ ክፍል ሲጠመዘዝ በብዛት ይታያል። ሕዝቡ «አንጀት መታጠፍ» ይለዋል። የሲግሞይዱ ጥምዝ ረጅም ነው፣ የተንጠለጠለበት ሥር ደግሞ ጠባብ። በዚያ ጠባብ ሥር ላይ ሲዞር ሁለቱም አፎቹ ይዘጋሉ። ጋዝ ይገባል፣ አይወጣም። ሆድ ይነፋል፣ ቆዳው ይወጠራል፣ ሰገራና ፈስ ይቆማል። ደም ሥሩም አብሮ ስለሚታነቅ ጊዜ ካለፈ አንጀቱ ይሞታል።

ለምን እዚህ በዛ? እንደ ምክንያት ከሚነሡት አንዱ ምግብ ነው። ገለባው ብዙ የሆነ የእህል ምግብ አንጀትን ለዓመታት እየሞላ ያረዝመዋል ይባላል። ከፍታም አለበት የሚሉ አሉ፣ በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች ላይ በሚኖሩ ሰዎችም በሽታው በብዛት ይታያልና። በአውሮፓና በአሜሪካ ግን ባብዛኛው የአልጋ ቁራኛ የሆኑ አዛውንቶች ሕመም ነው። ስለዚህ እዚያ የሚማር ሰልጣኝ ጥቂት ሲያይ፣ የእኛ ሬዚደንት ተረኛ በሆነባቸው ሌሊቶች ደጋግሞ ያየዋል።

ራጅ ሲነሣ የተነፋው አንጀት መሐሉ ላይ መስመር ያለው ትልቅ ሞላላ ነገር ሆኖ ይታያል። የዓለም ሐኪሞች ሁሉ «የቡና ፍሬ» ይሉታል። ቡናው ከየት እንደሆነ ለእኛ አይነገርም።

አንጀቱ ገና ካልሞተ ሆድ ወዲያው አይከፈትም። ሰርጅኑ በፊንጢጣ በኩል ቀጥ ያለ ቱቦ መሰል መሣሪያ ያስገባል። የተጠመዘዘበት ቦታ ላይ ሲደርስ ለስላሳ የጎማ ቱቦ ያሳልፋል። ያኔ የታፈነው ጋዝና ፈሳሽ ሰገራ በአንድ ጊዜ ይወጣል። ልምድ ያለው ሬዚደንት ከፊት ለፊት አይቆምም፣ አዲሱ ግን ይቆማል፣ ከዚያ ልብስ ለመቀየር ይሄዳል። ሕመምተኛው እፎይ ይላል። «ልጄ፣ እግዜር ይስጥህ፣ ዳንሁ» ይላል።

አስቸጋሪው ክርክር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አልዳነም። ያ ረጅም ጥምዝ እዚያው አለ፣ ተመልሶ የመጠምዘዝ ዕድሉ ከፍተኛ ነው። ትክክለኛው ነገር እዚያው ሰንብቶ፣ አንጀቱ ጠርቶ፣ ትርፉ ክፍል ተቆርጦ መውጣት ነው። ሽማግሌው ግን ሆዳቸው ጎድሏል፣ ጤፉ ደርሷል፣ ወጪው ከብዷል። «ከአጨዳ በኋላ እመለሳለሁ» ይላሉ። ሰርጅኑ «አባባ፣ ሲመለስ ሌሊት ነው የሚመለሰው፣ መኪና በሌለበት ነው» ብሎ ማስረዳት አለበት። ይህንን የሚያስተምር ኮርስ የለም። ከዋርድ፣ ከአዋቂ ነርስ፣ ከሕመምተኛው የወንድም ልጅ ጋር ኮሪደር ላይ ተቀምጦ የሚማሩት ነገር ነው። ለእኔ ከቱቦው ይልቅ ይህ ንግግር ነው ከባዱ ሥራ።

ዘግይተው ከመጡና አንጀቱ ጠቁሮ ከተገኘ የሞተው ክፍል ይቆረጣል። ቀጥሎ ውሳኔ አለ፦ ሁለቱን ጫፎች ወዲያው መስፋት ወይስ የላይኛውን በሆድ ቆዳ ላይ ማውጣት? የደም ግፊቱ ከወረደ፣ ሆዱ ውስጥ መግል ካለ፣ ስፌቱ ላይያዝ ይችላል። በ1921 ሃርትማን የሚባል ፈረንሳዊ ሰርጅን ለሌላ በሽታ ያመጣው ዘዴ ለዚህም ያገለግላል፦ ታችኛውን ዝጋ፣ ላይኛውን አውጣ፣ ሰውዬውን አድን፣ መስፋቱን ሲያገግም ተመለስበት።

የስፌት ነገር ካነሣን፣ የአንጀት ሰርጅንን እንቅልፍ የሚነሣው ይኸው ነው። አንጀት እንደ ቆዳ አይደለም፣ ውስጡ ባክቴሪያ የሞላበት ነው። ስፌት ከለቀቀ ብዙ ጊዜ የሚለቀው በአምስተኛው ወይም በሰባተኛው ቀን አካባቢ ነው፣ ሁሉም ሰው «አበቃ» ባለበት ሰዓት። የልብ ምት ይጨምራል፣ ትኩሳት ይመጣል፣ ሆድ ይነፋል። ጎበዝ ሰርጅን ራውንድ ላይ መጀመሪያ የሚያየው ቁስሉን ሳይሆን የልብ ምቱን ነው።

ካንሰሩ

በዓለም ላይ በ2022 ብቻ ከ1.9 ሚሊዮን በላይ ሰዎች የትልቁ አንጀትና የሬክተም ካንሰር ተገኘባቸው። ከ900 ሺህ በላይ ሞቱ። ፔሌም በዚያው ዓመት መጨረሻ ያረፈው በዚሁ በሽታ ነው። እዚህም አለ፣ ችግሩ የሚመጣው ዘግይቶ መሆኑ ነው።

አብዛኛው የሚጀምረው ፖሊፕ በሚባል ትንሽ ትርፍ ሥጋ ነው። ያ ሥጋ ካንሰር እስኪሆን ብዙ ጊዜ አሥር ዓመት ያህል ይፈጃል። አሥር ዓመት ረጅም ነው። በኮሎኖስኮፒ፣ ማለትም ካሜራ ባለው ቱቦ ትልቁን አንጀት ከውስጥ በማየት፣ ከተገኘ እዚያው ይቆረጣል፣ ኦፕራሲዮን እንኳ አያስፈልገውም። ለዚህ ነው ሌሎች አገሮች ምንም ሳያማቸው ከ45 ወይም ከ50 ዓመት ጀምሮ ሰዎችን የሚመረምሩት። እኛ ጋ ያ ገና አልተለመደም። ስለዚህ ምልክት የምናውቅ መሆን አለብን፦ ከሰገራ ጋር የሚወጣ ደም፣ ለሳምንታት የተቀየረ የሰገራ ጠባይ፣ ሄደው ሲመጡም «አልጨረስኩም» የሚል ስሜት፣ ምክንያቱ ያልታወቀ የደም ማነስና ክብደት መቀነስ።

የሬክተም ካንሰር ከላይኛው አንጀት ይከብዳል። ሬክተም ያለው በዳሌ አጥንት ውስጥ፣ ጠባብ ቦታ ላይ ነው። ከፊቱ የሽንት ፊኛ፣ ወይም ማኅፀን፣ ወይም ፕሮስቴት አለ። በጎንና ጎኑ ሽንትንና ግብረ ሥጋን የሚያዙ ነርቮች ያልፋሉ። ቀድሞ ሰርጅኖች በእጃቸው ፈልቅቀው ነበር የሚያወጡት። ብዙ ጊዜ ካንሰሩ እዚያው ቦታ ይመለስ ነበር። በ1982 ቢል ሂልድ የሚባል እንግሊዛዊ ሰርጅን አንድ ነገር አስተዋለ። ሬክተም በራሱ የስብ ሽፋን ተጠቅልሏል። ካንሰሩ መጀመሪያ የሚሰራጨው በዚያ ሽፋን ውስጥ ነው። በሽፋኑና በዳሌው ግድግዳ መካከል ደም የሌለበት ስስ ድንበር አለ። ያን ድንበር ዓይንህ እያየ በጥንቃቄ ከተከተልክ ሽፋኑ ሳይቀደድ ከነካንሰሩ ይወጣል፣ ነርቮቹም ይተርፋሉ። አዲስ መድኃኒት የለም፣ አዲስ ማሽን የለም። እንዲያም ሆኖ የካንሰሩን እዚያው መመለስ በእጅጉ ቀነሰው። አንድ ሰርጅን ለአንጀትና ለሬክተም ተጨማሪ ዓመታት ለምን ይማራል ለሚል ሰው መልሱ እዚያ ስስ ድንበር ላይ ነው።

ከረጢቱ

አንጀት በሆድ ቆዳ ላይ ሲወጣ ኮሎስቶሚ ይባላል። ሰገራው በከረጢት ይጠራቀማል። ሕመምተኛ ስለ ካንሰሩ ከሚፈራው በላይ ይህን ይፈራል። «ቤተ ክርስቲያን መግባት እችላለሁ?» «ሶላቴስ?» «ሽታው ሰው ፊት ያዋርደኛል?» ጥያቄዎቹ እነዚህ ናቸው፣ ተገቢም ናቸው። ሰርጅኑ ከሃይማኖት አባቱ ጋር እንዲነጋገሩ ማበረታታት እንጂ ማጣጣል የለበትም።

ቦታው ከኦፕራሲዮኑ በፊት በእስክሪብቶ ይመረጣል። ሰውዬው ይቀመጣል፣ ይቆማል፣ ጎንበስ ይላል። ቆዳው የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ከወጣ ከረጢቱ አይጣበቅም። የወንዱን ቀበቶ፣ የሴቷን መቀነት ማየት ያስፈልጋል። መቀነት የምታስር የገጠር እናት ላይ ይህን ያላሰበ ሰርጅን ሥራውን በግማሽ ነው የሠራው። ከረጢቱም ውድ ነው፣ በየፋርማሲውም አይገኝም። ሕመምተኞች በላስቲክና በጨርቅ የራሳቸውን ዘዴ ይፈጥራሉ። ከሰርጅኑ ጎን ስለ ስቶማ፣ ማለትም በሆድ ቆዳ ላይ ስለወጣ አንጀት፣ የምታውቅ ነርስ መኖሯ ከብዙ መሣሪያ ይበልጣል እላለሁ።

«ኪንታሮት ነው»

በየከተማችን መንገድ ላይ «ኪንታሮትን ያለ ኦፕራሲዮን እናድናለን» የሚል ሰሌዳ አይጠፋም። እውነቱን ለመናገር አብዛኛው ኪንታሮት ኦፕራሲዮን አያስፈልገውም። አትክልት፣ ውኃ፣ ሽንት ቤት ውስጥ ስልክ ይዞ አለመቀመጥ ብዙውን ያቀልለዋል። ከዚያ ከባሰ በትንሽ ጎማ ማሰር አለ፣ ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው። የሚቆረጠው ትልቁና የሚወጣው ነው።

አደጋው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛ፣ የሚያቃጥል ነገር ተቀብቶ ፊንጢጣው የሚጠብባቸው ሰዎች አሉ። ኪንታሮት ይዘው ሄደው ሰገራ የማያሳልፍ ጠባሳ ይዘው ይመለሳሉ። ሁለተኛ፣ የሚደማ ሁሉ ኪንታሮት አይደለም። ለዓመት «ኪንታሮቴ ተነሣ» እያለ ሲቀባ የኖረ ሰው ሲመረመር የሬክተም ካንሰር ሊሆን ይችላል። ብዙውን የታችኛውን ሬክተም ዕጢ ጓንት በለበሰ ጣት ማግኘት ይቻላል። ማሽን አይፈልግም፣ ሪፈር አይፈልግም፣ አንድ ደቂቃ አይሞላም። የሚከለክለው የእኛ ሐፍረት ነው፣ አንዳንዴም የሐኪሙ ስንፍና። ደም አለብኝ ብላችሁ ሄዳችሁ ማንም ሳይመረምራችሁ ቅባት ከተጻፈላችሁ «ዶክተር፣ አያዩኝም?» ማለት መብታችሁ ነው።

ለዚህ ሐፍረት ሴት ሰርጅኖች በብዛት ያስፈልጋሉ። አንዲት የበለሳ ወይም የአርማጭሆ እናት ለወንድ ሐኪም የማትናገረውን ለሴት ትናገራለች። ሰርጀሪ የወንድ ነው የሚለው ወሬ ከእጅ ጉልበት ጋር ይያያዛል፣ ግን የአንጀት ሥራ ትዕግሥትና ጥሩ ዓይን ነው የሚፈልገው። ሴት ልጃችሁ ሰርጀሪ ብትመርጥ አትመልሷት።

ኦፕራሲዮን ከተባላችሁ

ሰርጅኑን ለመጠየቅ አትፈሩ። ምን ሊቆረጥ ነው? ይሰፋል ወይስ ይወጣል? ይህን ሥራ ስንት ጊዜ ሠርተዋል? የመጨረሻው ጥያቄ ድፍረት ይመስላል፣ ጥሩ ሰርጅን ግን አይከፋውም።

ከረጢት ይኖራል ከተባለ ጊዜያዊ ነው ወይስ ቋሚ በሉ። ጊዜያዊ ከሆነ መቼ እንደሚዘጋ ጠይቁ፣ ቀጠሮውንም ሳትወጡ አስይዙ። ገጠር ገብተው «ጊዜ ሲመቸኝ» እያሉ ለዓመታት ከነከረጢቱ የሚኖሩ ሰዎች አሉ፣ ሊዘጋላቸው ሲችል። ስትወጡ ደግሞ የኦፕራሲዮኑ ማጠቃለያ የተጻፈበትን ወረቀት ተቀበሉ፣ በስልካችሁም ፎቶ አንሡት። በኋላ የሚዘጋው ሰርጅን ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። ውስጥ የቀረው የአንጀት ጫፍ የት እንደተተወና ምን ያህል እንደሚረዝም የሚያውቀው ከዚያ ወረቀት ነው።